ፉጂ ላይ የቆመችው መኪና

ኦክቶበር 24 ቀን 1976 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ከፉጂ ተራራ ግርጌ ባለው የመኪና መወዳደሪያ ዝናብ ይወርዳል። አስፋልቱ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና እንኳ በቅጡ አያሳይም። የዓመቱ የመጨረሻ የፎርሙላ ዋን ውድድር ነው። የፌራሪው አሽከርካሪ ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ 68 ነጥብ፣ የማክላረኑ እንግሊዛዊ ጄምስ ሀንት 65 ነጥብ ይዘው ቀርበዋል፤ የዓለም ሻምፒዮናው የሚለየው በዚህ ቀን ነው። አዘጋጆቹ ዝናቡ ያባራል ብለው ሰዓቱን ሲገፉ ቆዩና በመጨረሻ ውድድሩ ይጀመር ተባለ። ላውዳ ሁለት ዙር ነዳ። ከዚያ መኪናውን ወደ ቡድኑ መቆሚያ አስገብቶ ወረደ። ሞተሩ ደህና ነበር፤ ጎማውም አልፈነዳም። በእንዲህ ያለ ዝናብ መንዳት ከልክ ያለፈ አደጋ ነው ብሎ ስላመነ አቆመ። ሀንት ሦስተኛ ወጥቶ 4 ነጥብ አገኘ፤ 69 ለ68 ሆነ። ዋንጫው በአንድ ነጥብ ከላውዳ እጅ ወጣ።

ላውዳ በሥራ ዘመኑ 25 የግራን ፕሪ ውድድሮችን አሸንፏል፤ በ1975፣ በ1977 እና በ1984 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ስለ እሱ ሲወራ ግን አስቀድሞ የሚነሳው በ1976 በእሳት ከተያያዘች መኪናው በወጣ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ውድድር መመለሱ ነው። ፉጂ ላይ ማቆሙ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲነሳም ያ ሁሉ ቃጠሎ ለደረሰበት ሰው ይቅር እንደሚባል ድክመት ተደርጎ ነው። እኔ ይህን ሚዛን አልቀበለውም። የአንድ ባለሙያ አሽከርካሪ የሙያ ልክ በዚያ ዝናባማ ቀን ከታየው በላይ የታየበት ጊዜ በላውዳ ሕይወት ውስጥ የለም እላለሁ። ያቆመው ሁሉንም ሊያጣ በሚችልበት ሰዓት ነው፤ ለምን እንዳቆመም እውነቱን ተናገረ። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ክርክሩ እንዲገባን ሰውዬው የገባበትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ላውዳ በ1949 ቪየና ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ግን መኪና መንዳቱን እንደ ሥራ አላየለትም። ስለዚህ ወደ ውድድሩ የገባው ከባንክ ተበድሮ ነው፤ ለብድሩ መያዣ የሆነው የሕይወት መድኑ ነበር። ልጁ ቢሞት ባንኩ ገንዘቡን ያገኛል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህ የወረቀት ጨዋታ አልነበረም። ላውዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎርሙላ ዋን ከመሰለፉ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1970፣ የአገሩ ልጅ ዮኸን ሪንት ጣሊያን ሞንዛ ላይ በልምምድ ሞቶ ነበር። ያገኛቸውን ነጥቦች የሚደርስባቸው ጠፍቶ ሪንት ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ፤ ዋንጫውን የተቀበለችው ባለቤቱ ናት። እስከ ዛሬ ከሞት በኋላ ሻምፒዮን የሆነ ሌላ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ የለም። ወጣቱ ላውዳ ሥራውን ሲመርጥ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የመረጠው። አደጋን ፈርቶ ያቆመ ሰው ነው የሚል ካለ ከዚህ ይጀምር።

ቀጥሎ ኑርቡርግሪንግ አለ። በጀርመን አይፈል ተራሮች መሀል የተዘረጋው አሮጌው የኑርቡርግሪንግ መንገድ አንዱ ዙር ብቻ 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር። ጫካ ለጫካ ይጠማዘዛል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ላይ ፀሐይ ሲሆን ሌላው ጫፍ ላይ ሊዘንብ ይችላል። የከፋው ግን ርዝመቱ ነው፤ አደጋ ሲደርስ እሳት አጥፊውና ሐኪሙ በቶሎ የሚደርሱበት መንገድ አልነበረም። ላውዳ በ1976 ውድድሩ ከመካሄዱ በፊት፣ ይህ መንገድ ለዛሬ መኪና አይሆንምና አንወዳደርበት ብሎ አሽከርካሪዎቹን ጠየቀ። አብዛኞቹ አልተስማሙም። መንዳቱ ያቃተው ሰው ሰበብ ነው እንዳይባል ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በዚያው መንገድ ላይ ዙሩን ከ7 ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ላውዳ ራሱ ነበር። መንገዱን በፍጥነት ከሁሉ በላይ ያወቀው ሰው ነው መንገዱን አደገኛ ያለው።

ድምፁ ስላልተሰማ ተወዳደረ። ኦገስት 1 ቀን መኪናው ከመንገድ ወጥታ ከዳር ካለው የአፈር ቁልል ጋር ተላተመች፤ ተመልሳ ወደ መንገዱ ስትገባ በእሳት ተያይዛ ነበር። ከኋላ የመጣ መኪናም ገጫት። ላውዳን ከእሳቱ ያወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ከኋላው ይመጡ የነበሩት ተወዳዳሪዎቹ አርቱሮ ሜርዛሪዮ፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ብሬት ለንገርና ሃራልድ ኤርትል ናቸው። መኪናቸውን አቁመው፣ ውድድሩን ትተው፣ እሳት ውስጥ ገብተው ጎትተው አወጡት። (እዚህ ላይ ያቆሙ ሰዎችን ፈሪ ያላቸው አንድም ሰው አልተሰማም።) ፊቱና ጭንቅላቱ ተቃጠለ፤ ከሁሉ የባሰው ግን የተነፈሰው መርዛማ ጭስ ሳምባውን መጉዳቱ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ቄስ መጥቶ ለሚሞት ሰው የሚደረገውን ጸሎት አደረሰለት። ከዚያ ዓመት በኋላ የፎርሙላ ዋን ውድድር በዚያ አሮጌ መንገድ ላይ ተካሂዶ አያውቅም። የላውዳ ጥያቄ ተገቢ እንደነበረ የተረጋገጠው በራሱ ሥጋ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታሪክ ብዙዎች ይወዱታል። በ42ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 12፣ ላውዳ ፋሻው ሳይወልቅ፣ ቁስሉ ሳይሽር ሞንዛ ላይ ተሰለፈ፤ አራተኛም ወጣ። ፌራሪ ሌላ አሽከርካሪ ካርሎስ ሮይተማንን ቀጥሮ ስለነበር ቦታውን ማስከበር ነበረበት። ይህን ጀግንነት የሚያወድሱ ሰዎች እኔን እንዲህ ብለው ሊሞግቱኝ ይችላሉ፤ ላውዳ በሞንዛ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ በፉጂ ራሱን ማዳኑ አይጣረስም ወይ? የቆሰለ አካሉን ይዞ የነዳ ሰው ዝናብ ስለመጣ ቢያቆም መርህ ነው ልንለው እንችላለን? ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ በግማሹም እስማማለሁ። ሞንዛ ላይ መንዳቱ አስተዋይነት ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ከሞንዛው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ ለጋዜጠኞች ፍርሃቱን እንዳሸነፈ ነግሯቸው ነበር። በኋላ ግን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን በፍርሃት ደርቆ እንደነበር፣ ለጋዜጠኞች የነገራቸውም እውነት እንዳልነበረ ራሱ ተናገረ። ስለዚህ በሞንዛና በፉጂ መካከል ያለው ልዩነት የድፍረትና የፍርሃት ልዩነት አይደለም። በሁለቱም ቦታ ፈርቷል። በሞንዛ ፍርሃቱን ሸሸገ፤ በፉጂ አልሸሸገም። በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ያህል መለወጡ ለእኔ መጣረስ ሳይሆን መብሰል ነው።

አሁን ወደዚያ ከባድ ነገር ልመለስ። ላውዳ ፉጂ ላይ ከመኪናው ሲወርድ የፌራሪ ዋና መሐንዲስ ማውሮ ፎርጊየሪ አንድ መውጫ አቀረበለት፤ ሞተሩ ተበላሸ ብለን እንናገርልህ አለው። መልካም ልብ ያለው ሰው ያቀረበው መልካም ሐሳብ ነው። ማንም አይጎዳም፤ የላውዳ ስም ይጠበቃል፤ ፌራሪም ሻምፒዮናውን በብልሽት አጣ ይባላል። መኪና የሚያውቅ ሁሉ ሞተር እንደሚበላሽ ያውቃል፤ የሚጠይቅ አይኖርም። ላውዳ እምቢ አለ። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ይህ ነው አለ። የዐይኑ ቆብ በቃጠሎው ተጎድቶ እንደ ልብ አይከደንለትም ነበር፤ በዚያ ውሃ ውስጥ አጥርቶ ማየት ለእሱ ከሌሎቹ ይልቅ የከበደ ነው። ይህንኑ ብቻ ምክንያት አድርጎ በሕመምተኛነቱ ማምለጥ ይችል ነበር። ከዚያ ይልቅ ማንም ሰው በዚህ ዝናብ መንዳት የለበትም የሚለውን ፍርዱን ሳይሸፋፍን አቆመው።

ይህን ያህል የምደክምበት ምክንያት አለኝ። ማቆም ብቻውን የግል ውሳኔ ነው፤ ሰውዬው ይድናል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የማቆምን ምክንያት በእውነት መናገር ግን ለሌሎች የሚተርፍ ሥራ ነው። ሞተሩ ተበላሸ ቢባል ኖሮ የፉጂ ዝናብ ከመዝገብ ይጠፋ ነበር። የሚቀጥለው አዘጋጅ በሚቀጥለው ዝናብ ውድድሩን ለማስጀመር ሲወስን የሚገታው ነገር አይኖርም ነበር። ሰበብ ሲፈጠር ጥፋተኛው ብሎን ወይም ፒስተን ይሆናል፤ እውነት ሲነገር ጥያቄው ውድድሩን ወዳስጀመሩት ሰዎች ይዞራል። ስንት ባለሙያ፣ በስፖርቱም ከስፖርቱም ውጭ፣ ያቆመበትን እውነተኛ ምክንያት ውጦ አመመኝ ብሎ የቀረ ይመስላችኋል? ያ ውሸት ለራሱ ጋሻ ይሆነዋል፤ ከኋላው የሚመጣውን ግን እዚያው አደጋ ላይ ይጥለዋል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ሌሎቹ ነድተዋል የሚል ነው። ማሪዮ አንድሬቲ ውድድሩን አሸንፏል፤ ሀንት ጎማ ለመቀየር ቆሞ ከኋላ ተነሥቶ ሦስተኛ ወጥቷል፤ በዚያ ቀን ማንም አልሞተም። ታዲያ የላውዳ ፍርድ ስሕተት አልነበረም ወይ? ለሀንት የሚገባውን ክብር አልነፍገውም፤ በዚያ ዓመት ስድስት ውድድር አሸንፏል፤ ዋንጫውን ሰርቆ አልወሰደም። ነገር ግን የአንድን ውሳኔ ትክክለኛነት በውጤቱ ብቻ የሚለካ ሰው ቁማርተኛን ከባለሙያ መለየት አይችልም። ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ የተሻገረ አንድ ሰው በሰላም ወጣ ማለት መሻገሩ ልክ ነበር ማለት አይደለም። ደግሞም ያቆመው ላውዳ ብቻ አይደለም። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ካርሎስ ፓሴ እና ላሪ ፐርኪንስም በዚያው ቀን በገዛ ፈቃዳቸው ከውድድሩ ወጥተዋል። ልዩነቱ ለእነሱ የሚያጡት ዋንጫ አለመኖሩ ነው። አራት አሽከርካሪዎች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ፍርድ ከሰጡ ነገሩን የአንድ ሰው ነርቭ መጎዳት አድርጎ መተው ያስቸግራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛው ባህል የሚነሳ ነውና ጠንከር ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ነው እንላለን። ሽለላውና ፉከራው ሁሉ የተገነባው ወደ ኋላ ባለማለት ላይ ነው። አንድ ሰው የቡድኑን መለያ ወይም የአገሩን ባንዲራ ከለበሰ አካሉ የራሱ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ ተከፍሎታል፣ ሕዝብ ተስፋ ጥሎበታል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው መታገል አለበት የሚል ስሜት በብዙዎቻችን ውስጥ አለ። ይህን ስሜት አላቃልለውም። ግን ያው ቋንቋችን ከመሞት መሰንበትም ይላል። ፈሪ ለእናቱ የሚለውን አባባልም ሰው እንደ ስድብ ሲጠቀምበት እንሰማለን፤ እናት ስትሰማው ግን ስድብ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ተረቶቻችን በሁለቱም ወገን ቆመዋል። በስፖርቱ ሜዳ ላይ ግን አንዱን ወገን ብቻ መርጠን ስንጮህ ኖረናል።

የራሳችን ታላላቆች ግን ሁለቱንም ያውቁ ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን አሸንፎ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ ተጎድቶ ነበር። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋርጦ ወጣ። ውድድሩን ማሞ ወልዴ አሸነፈ፤ ኢትዮጵያ በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ማራቶንን አሸነፈች። በዚያ ቀን አበበን ፈሪ ያለ ኢትዮጵያዊ ይኖር ይሆን? ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ ከ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በፊት፣ አስም ስላለብኝ በከተማዋ በተበከለ አየር ማራቶን መሮጥ ጤናዬን ይጎዳል ብሎ በግልጽ ተናገረና ማራቶኑን ተወ። በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። የኃይሌ ውሳኔ ከላውዳ ውሳኔ ጋር የሚመሳሰለው ማቆሙ ላይ ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ሳይደብቅ፣ የአየሩን ችግር በስሙ ጠርቶ መናገሩ ነው። ጉልበቴን አሞኛል ማለት ይቀለው ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የሚያነሱት ነው። አንድ አሽከርካሪ አንዴ ካቆመ ውስጡ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ በየመጠምጠሚያው ላይ ፍሬኑን ትንሽ ቀደም ብሎ ይረግጣል፤ ያቺ ትንሽ ደግሞ በሰከንድ ክፍልፋዮች ለሚለካ ስፖርት ሞት ናት ይላሉ። ፌራሪ ቤት ውስጥም ይህን ያመኑ ነበሩ፤ ከፉጂ በኋላ ላውዳ እንደ ቀድሞው አይታይም ነበር። መልሱን ግን መዝገቡ ይስጥ። በ1977 የጀርመን ግራን ፕሪ ከኑርቡርግሪንግ ወደ ሆከንሃይም ተዛውሮ ሲካሄድ፣ በእሳት ከተቃጠለ ልክ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ያሸነፈው ላውዳ ነው። በዚያው ዓመት ሁለት ውድድር ሲቀረው የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ ከዚያም ከፌራሪ ወጣ። ተሰብሯል የተባለው ሰው ዋንጫውን አምጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላም አንዴ አቁሟል። በ1979 ካናዳ ሞንትሪያል ላይ በልምምድ መሀል ከመኪናው ወርዶ፣ በክብ መንገድ መዞር በቅቶኛል ብሎ ሙያውን ተወና ላውዳ ኤር ወደተባለው አየር መንገዱ ዞረ። በ1982 በማክላረን ተመልሶ ሲመጣ በሦስተኛው ውድድሩ ሎንግ ቢች ላይ አሸነፈ። በ1984 ደግሞ የቡድን ጓደኛው ወጣቱ አለን ፕሮስት ሰባት ውድድር ሲያሸንፍ ላውዳ ያሸነፈው አምስት ብቻ ነበር። ፖርቱጋል ኤሽቶሪል ላይ በተካሄደው የመጨረሻ ውድድር ከ11ኛ ቦታ ተነሥቶ፣ ሳይቸኩል አንድ በአንድ እያለፈ ሁለተኛ ወጣና ሻምፒዮናውን 72 ለ71.5 ወሰደ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከዚህ የጠበበ ልዩነት የለም። ያቺ ግማሽ ነጥብ ከየት መጣች? በዚያው ዓመት ሞናኮ ላይ ከባድ ዝናብ ስለነበር ውድድሩ በመሀል እንዲቆም ተደረገ፤ ስለዚህ ያሸነፈው ፕሮስት ሙሉውን 9 ነጥብ ሳይሆን ግማሹን፣ 4.5 ነጥብ፣ ብቻ አገኘ። ላውዳ በ1976 ማንም ባላስቆመው ዝናብ ውስጥ ራሱ አቁሞ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፤ በ1984 ኃላፊዎቹ ራሳቸው ውድድሩን በዝናብ ምክንያት አቁመው፣ እሱ በግማሽ ነጥብ አሸነፈ። ከዚህ ላይ ዕጣ ፈንታ ካሰው የሚል ትርጉም ማውጣት አልፈልግም። እኔ የማየው በስምንት ዓመት ውስጥ የተለወጠውን ነው፤ የማቆሙ ውሳኔ ከአሽከርካሪው ትከሻ ላይ ወርዶ ወደሚመለከታቸው ኃላፊዎች መሄድ ጀምሮ ነበር።

ለውጡ በአንድ ሰው አልመጣም። ከላውዳ በፊት ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት ለመንገዶች ደኅንነት ሲከራከር ፈሪ ተብሏል። በ1973 የቡድን ጓደኛው ፍራንሷ ሴቬር አሜሪካ ዋትኪንስ ግሌን ላይ በልምምድ ሲሞት ስቱዋርት 100ኛ የሚሆንለትን ውድድር ሳይሮጥ ከሙያው ወጣ። ያላቆሙትም አሉ። በ1994 ጣሊያን ኢሞላ ላይ ሮላንድ ራትዘንበርገር ቅዳሜ ዕለት በልምምድ ሞተ። ሐዘኑ ክፉኛ የነካውን አይርተን ሴናን የውድድሩ ሐኪም ፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ ተወው ብለው ለመኑት። ሴና አልተወም፤ በማግስቱ ሞተ። ሴናን ለመውቀስ አላነሳሁትም። ከእሱ የሚበልጥ ተሰጥኦ ያየሁ አይመስለኝም። ያነሳሁት በዚያ ሰዓት ሦስት ዋንጫ ያለው ሰው እንኳ ብቻውን ማቆም ምን ያህል እንደሚያቅተው ስለሚያሳይ ነው። በ2014 ደግሞ በዚያችው በጃፓን፣ ሱዙካ በተባለው መንገድ ላይ፣ በዝናብ ውስጥ ዡል ቢያንኪ የተበላሸ መኪና ያነሳ ከነበረ ትራክተር ጋር ተላትሞ በቀጣዩ ዓመት ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ አደጋ ሲኖር ሁሉም አሽከርካሪ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ ሥርዓት መጣ፤ በ2018 ከአሽከርካሪው ጭንቅላት በላይ የሚታሰረው ሄሎ የተባለው መከላከያ ግዴታ ሆነ። በ2020 ባህሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና አጥር ጥሳ ለሁለት ተሰንጥቃ ስትነድ ያ መከላከያ ጭንቅላቱን አተረፈለት፤ ግሮዣን ከእሳቱ በራሱ እግር ወጣ።

ላውዳ እውነተኛውን ምክንያት መናገርን ልማድ እንዳደረገው የሚያሳይ፣ ከስፖርቱ ውጭ የሆነ ነገር ላንሳ፤ ለእኛ ቅርብ ነውና። ሜይ 26 ቀን 1991 የላውዳ ኤር ቦይንግ 767 ከባንኮክ ወደ ቪየና እንደተነሣ ታይላንድ ውስጥ ተከስክሶ የነበሩበት 223 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ምርመራው አንደኛው ሞተር ላይ፣ አውሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ ፍጥነት ለመቀነስ የሚያገለግለው የግፊት መቀልበሻ፣ በአየር ላይ ሳለ መከፈቱን አረጋገጠ። ላውዳ ራሱ አብራሪ ነበርና ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ ሞከረው። አብራሪዎቹ ሊያድኑት የሚችሉት አውሮፕላን እንዳልነበረ አምራቹ በይፋ እንዲናገር ወጥሮ ያዘ። አውሮፕላኑ ወድቋል፣ ሞተር ተበላሽቷል ተብሎ እንዲታለፍ አልፈቀደም። እኛም ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ባለቁበት በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 አደጋ ማግስት፣ ጣት ወደ አብራሪዎቹ ሲቀሰር ሰምተናል። በኤፕሪል ወር የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ተከትለው እንደነበር ሲያመለክት ምን እንደተሰማን እናስታውሳለን። የአደጋን ትክክለኛ ምክንያት መናገር የሟችን ስምና የተረፈውን ሕይወት የሚጠብቅ መሆኑን ኢትዮጵያውያን በሐዘን ተምረነዋል። ላውዳ በዚያው ዓመት ሜይ 20 በ70 ዓመቱ አረፈ።

እዚህ ላይ በተለይ ስለ ስፖርት ለምትጽፉና ለምታወሩ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። አቋርጦ ወጣ ወይም አቋርጣ ወጣች ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተን ወደ አሸናፊው የምንሮጥበት ልማዳችን ይብቃ። ማይኩን ወደዚያ ሰው እንውሰድ፤ ለምን እንዳቆመ እንጠይቀው፤ ሙቀቱ ከሆነ፣ መንገዱ ከሆነ፣ ሳይድን እንዲሮጥ ግፊት ተደርጎበት ከሆነ መልሱን ከአሸናፊው ቃል አጠገብ እናትመው። ፌዴሬሽኖችና አሠልጣኞችም ያቆመ አትሌት እውነቱን ስለተናገረ በሚቀጥለው ምርጫ እንዳይጎዳ ቃል ይግቡ። የፉጂውን ውጤት የያዘውን መዝገብ የሚያይ ሰው ከዚያ ቀን ካልጨረሱት መኪናዎች አብዛኞቹ ፊት ለፊት የብልሽት ዓይነት ተጽፎ ያገኛል። ከላውዳ ስም ፊት ለፊት የተጻፈው በገዛ ፈቃዱ ወጣ የሚል ነው።